የደመናው አገር ስሞች

የሚስቅብኝ ይሳቅ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የልጆች ካርቱን አያለሁ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሬን ገርበብ አደርግና ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ። በር የተንኳኳ እንደሆነ ሪሞቱን አንስቼ ወደ ዜና እለውጣለሁ። ጡረታ የወጣ መምህር ክንፍ ያላት ፍየል እያየ ሲስቅ ቢገኝ ቢቸና ምን ትላለች? ደግነቱ የሚያንኳኳውም ብዙ አይደለም። የቤቱ ባለቤት በወር አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፤ የዕድሩ ሰው ሰው ሲሞት ይመጣል። በተረፈ ክንፍ ያላት ፍየልና እኔ ነን።

ታሪኩ ከሐይቅ በታች ባለ አገር የሚሆን ነው። እዚያ አገር ሕፃን ሲወለድ አንዲት ያረጀች ዔሊ ከዋሻዋ ብቅ ትልና ስም ትሰጠዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። «ንጋት» የተባለችው ልጅ ብርሃኑን ታመጣለች። «ጽልመት» የተባለው ወንድሟ በክፉ ይጠፋል። «ታማኝ» የተባለው ሽማግሌ ዘበኛ በሩ ላይ እንደ ቆመ ይሞታል። ሰሞኑን ጽልመት ገና የጡት ልጅ ሳለ የሚያሳይ ክፍል ነበረና፣ ዔሊዋ ስሙን ስትጠራ እናቱ ፈገግ ስትል አይቼ ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምኑ ያስቅሻል? ልጅሽን እኮ ጨረሱት!» ብዬ ጮኽሁባት። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚጣላው ሲያጣ ከቴሌቪዥን ጋር ይጣላል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል የኛ ሰው። የኔን ስም ያወጣው መልአክ ግን የዚያን ዕለት ሳያንቀላፋ አልቀረም። ብዙነህ እባላለሁ። ያለኝ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው። እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ በልጅ በልጅ ልጅ የተከበበ ሽማግሌ ታይቷት ነበር መሰለኝ። ቢሆንም በዔሊዋ የምናደደው በራሴ ስም የተነሣ ብቻ አይደለም። ይህችን ዔሊ አውቃታለሁ። ስሟ ሌላ፣ መልኳ ሌላ ይሁን እንጂ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሞጣ ላይ በገዛ እጄ ሥያታለሁ።

ያን ጊዜ ሞጣ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚባለውን በስሙ እንጂ በመልኩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የነበረው ባለ ስድስት ድንጋይ ሬዲዮ ነው። ከገበያው ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቱ ሬዲዮኑን በጥልፍ ጨርቅ አልብሶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይዘው እስኪመሽ ዘፈን መስማት ይቻላል፤ ባለቤቱ ካልወደደዎት ግን ድምፁን ይቀንስብዎታል። እኔን ይወደኝ ነበር። ተትረን ሱሪዬን በፍራሼ ሥር አስተኝቼ ካውያ የነካው አስመስዬ፣ እግሩ ሰፊ በመሆኑ የመንገዱን አቧራ እየጠረግሁ ነበር የምሄደው። እንቁላል በስሙኒ ስንት እንደሚገኝ ለዛሬ ልጆች ብነግራቸው ውሸታም ይሉኛል፤ ስለዚህ አልናገርም። ማሩማ ማር ነበር። አሁን የሚሸጠውን ስኳር አይቼ ዝም እላለሁ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ዳር አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች፤ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች የሚሠሩባት። ከሸክላ አፈር ተራራ፣ ከቆርኪ መቁጠሪያ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ካርታ እንሠራባት ነበር። ሥዕል ስለምችል ኃላፊነቱ ለኔ ተሰጠኝ። ረዳት ሁኚው ተብላ የተመደበችው መምህርት ምትኬ ነበረች፤ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ፣ የሞጣ ልጅ። ወተት የመሰለ ነጭ ጃርሲ ነበራት፤ ከሥራ በፊት አውልቃ በምስማር ላይ ትሰቅለውና በጥቁር ሽርጥ ትሠራለች። እኔ በስድስት ዓመት ስለምበልጣት «ጋሽ ብዙነህ» እያለች አንቱ ትለኝ ነበር። አፏ ግን አንቱታ አያውቅም፤ የሣልኩትን በሬ አይታ «ይህ ፈረስ ቀንድ አወጣ እንዴ?» ያለችኝ እሷ ናት።

ቴሌቪዥኑን የፈለሰምነው ከእሷ ጋር ነው። ትልቅ የካርቶን ሣጥን ፊቱን በመስኮት ልክ ቀደድነው። ውስጡ ላይና ታች ሁለት በትር አጋደምን። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየቀጣጠልን ረጅም ጥቅል ሠራንና ዳርና ዳሩን ከበትሮቹ ጋር አሰርነው። ከጎን ያለውን እጀታ ሲያዞሩት ሥዕሉ ተራ በተራ በመስኮቱ ያልፋል። አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይተርካል። ልጆቹ መጀመሪያ ያዩት ቀን አንዷ ከሣጥኑ ጀርባ ዞራ ወፎቹን ስትፈልግ አገኘናት።

ወፎች ነበሩ፤ የደመናው አገር ወፎች። ተረቱ የጋራችን ነው፤ ሕጉ ግን የኔ ነበር። በገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ያረጀ እርኩም ይኖራል። ጫጩት ሲፈለፈል እርኩሙ ይመጣና ስም ያወጣለታል። «ጠብቀው» የተባለው በር ጠባቂ ይሆናል፤ «ስንቅነሽ» በረሃብ ዘመን አገሩን ትመግባለች፤ «ደፋሩ» ከጭልፊት ጋር ይዋጋል። ምትኬ አንዳንዴ ትከራከረኛለች። «ስንቅነሽ አንድ ቀን ብትሰስትስ?» ትለኛለች። «ልጆቹ ግራ ይጋባሉ» እላታለሁ። ያን ጊዜ ልክ ነበርሁ ብዬ አምናለሁ። ነገሮች ሁሉ አስቀድሞ ስም ቢኖራቸው የሚሻለው ሰው ነበርሁ፤ ምክንያቱም ስም ያላወጣሁለት ነገር ደርሶብኝ ነበር።

ባለቤቴ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሞታብኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ታመመች፤ አለቀ። ወደ ሞጣ የተዛወርሁት ከአርባዋ በኋላ ነው። በቀብሯ ላይ አላለቀስሁም፤ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህም? ያውም አስተማሪ!» ሲሉኝ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ልብሷን እናቴ ለነዳያን ሰጠች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለ እሷ ማውራት ቀረ፤ እኔ እንዳልጎዳ ነው ይሉ ነበር፣ እኔም እነሱ እንዳይጎዱ እል ነበር። እንዲህ እየተዛዘንን ዝም ተባባልን።

ምትኬም በሟች እግር የመጣች ናት። በአገራችን ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ካሣ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ እያልን እንሰይማለን፤ ሐዘኑን በስም እንዘጋዋለን። አንድ ቀን ቀለም ስትበጠብጥ እንደ ዋዛ ነገረችኝ። እሷ ከመወለዷ በፊት አንዲት እህት ነበረቻት፤ በኩፍኝ ሞተች፤ በዓመቱ ምትኬ ተወለደች። አለቀ። ሌላ አልጠየቅኋትም። እኔ ግን ያን ዕለት ማታ ለተረቱ አዲስ ጫጩት አገኘሁለት። ማስረሻ ብዬ ሰየምሁት። ወላጆቹ የመጀመሪያ ልጃቸው ሞታ ሲያለቅሱ ተወለደ፣ አድጎ ሟቿ ትቀመጥበት ከነበረው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ አገሩም ለቅሶውን ረሳ። ወንድ ስላደረግሁት እሷን የሚነካ አልመሰለኝም።

ምትኬ ሥዕሉን አየችና «ለምን እዚያው ቅርንጫፍ ላይ? ዛፉ እኮ ብዙ ነው» አለችኝ።

«ስሙ ነዋ!» አልኋት።

ሽርጧን ፈትታ፣ ጃርሲዋን ለብሳ ወጣች። ለካ ተከፍታ ነው። እኔ ምሳ ሰዓት ደርሶባት መስሎኝ ነበር።

ሣጥናችን ተወርቶለት ኖሮ ቢቸና ላይ በሚደረግ የትምህርት መሣሪያዎች ትርዒት እንድናቀርበው ተጠራን። በጭነት መኪና ነው የሄድነው፤ እሷ ጋቢና፣ እኔ ሣጥኑን አቅፌ ከላይ፣ ከእህል ጆንያ ጋር። ግንደወይን ላይ መኪናው ሲቆም ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ወደ ላይ ወረወረችልኝ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ነፋሱ ሣጥኑን ሊነጥቀኝ ሲታገል እየሳቅሁ ነበር። ሰው በጆንያ ላይ ተቀምጦ አቧራ እየቃመ እንደዚያ ደስ ሊለው እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላም አላገኘሁትም። ዛሬ የምኖርባት ቢቸና ያን ጊዜ ትልቅ ከተማ መስላ ታየችኝ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ አዞርሁ፣ እሷ ተረከች። ድምፅዋ እንደ ልጅ ይሆናል፣ እንደ እርኩም ይሻክራል፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ስንደርስ ብቻ «ማስረሻም በቅርንጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሁሉም ረሱ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ከሣጥኑ ጀርባ ቆሜ አየኋት። ላገባት እንደምፈልግ ያወቅሁት ያኔ ነው።

እናቴ የነገሩ ወሬ ሲደርሳት ከአገሯ ድረስ መጣች። «ልጄ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል። እግዜር የወሰደብህን አልረሳም፤ ምትክህን ስም ሰጥቶ ልኮልሃል» አለችኝ። እውነት ነው የምላችሁ፣ በቃሉ ተነካሁ። የደመናው አገር ሕግ በኔም ላይ ሠራ አልሁ። ሦስት ሽማግሌ ለመንሁ፤ ከመካከላቸው አንደኛው ቅኔ የጨረሱ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያስተክዙ አዛውንት ነበሩ። ለምትኬ አባት የሚሉትን ቃል ራሴ አስጠናኋቸው። «ሟችን የወሰደ አምላክ ምትኳን ከርስዎ ቤት አኑሮልን ኖሯል፤ ስሟን ሲያወጡላት ይህን ሰው አስበው ባያወጡም፣ መልአኩ ግን አስቦት ነበር።» በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ ያማረው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አዛውንቱ «አባቷ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ነገሩ ያለቀ ነው» አሉኝ። እኔም በማግሥቱ ሁለተኛ ብርጭቆ ገዛሁ።

በቀጠሮው ቀን የመጣው መልስ አጭር ነው። ልጅቱ አትሻም። ምክንያት የለም። ሽማግሌዎቹ እንደገና ቢሄዱም ያው ነው። ትምህርት ቤት ስንገናኝ «እንደምን አደሩ» ትለኛለች፤ እዚያች የጭቃ ክፍል ውስጥ ግን ዳግም አልገባችም። በዓመቱ መጨረሻ ራሷ ጠይቃ ወደ አማኑኤል ከተማ ተዛወረች። እዚያ አግብታ፣ ወልዳ እንደምትኖር በወሬ ሰማሁ። ሣጥኑን አይጥ በላው። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ለምን እምቢ እንዳለችኝ ሳልጠይቅ አርባ ዓመት ያህል ተቀየምኋት። ሌላ ሴት እንዳገባ እናቴ ስትወተውተኝ ኖራ ሞተች። ስሟ እኮ ልክ ነበር፣ ሴትዮዋ ነች ስሟን የከዳችው እያልሁ ነው የኖርሁት። ሞኝነት ዕድሜ ሲያገኝ አቋም ይመስላል።

ባለፈው ሰሞን ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ አንድ ጺሙ የሸበተ ሰው ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ደነገጥሁ። ሞጣ ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አለው። «የኔታ፣ ያ የሣጥን ቴሌቪዥን! ማስረሻን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አለና ሳቀ። ቀጥሎም «መምህርት ምትኬ ባለቤቷ ሞቶ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች፤ ብቻዋን ናት» አለኝ። ያን ቀን ካርቱኑን ከፍቼ ምንም አላየሁም። ዔሊዋ ስም እያወጣች ነበር። እኔ ግን ለራሴ አንድ ነገር ስደጋግም አመሸሁ። ምትኬን የፈለግኋት ለምትክነት አልነበረም። እሷን፣ በሬን ፈረስ የምትለዋን ሴት ነበር የፈለግሁት። ይህን ሳልነግራት ብሞት፣ ወይም እሷ ሳትሰማ ብትሞት፣ ያ ያማረው ዓረፍተ ነገሬ የመጨረሻ ቃሌ ሆኖ ሊቀር ነው። በበነጋው ሚኒባስ ያዝሁ።

ሞጣ ተለውጣለች። ባለ ሬዲዮዋ ሻይ ቤት በነበረችበት ፎቅ ቆሞበታል፤ ሥሩ ሞባይል ይጠገናል። ባጃጁ ሲጣደፍ መንገዱን ለማየት እንኳ አልቻልሁም። የአባቷን ቤት ግን እግሬ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ልኬ ከርቀት ቆሜ የጠበቅሁበት አጥር ነው። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ብዙነህ ነኝ።»

«ይግቡ እንጂ፣ ጋሽ ብዙነህ! ደጅ ላይ ምን ያቆመዎታል?»

በረንዳው ላይ ወፍራም መነጽር አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ጠጉሯ ጥጥ ሆኗል። «እንዴት ነሽ… እንደምን ነዎት?» ብዬ ተደናበርሁ። «ኧረ አንቺ ይበሉኝ፤ በርስዎ አፍ አንቱ መባል አልለመድሁም» አለችና ወንበር አቀረበችልኝ። ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ስኳራችን፣ ስለ ሞቱት ሰዎች ተጨዋወትን። ከዚያ ስንቅ አድርጌ የመጣሁትን ቃል አወጣሁ።

«ምትኬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁ። ያን ጊዜ የፈለግሁት አንቺን ነበር። ምትክ አልነበረም። አነጋገሬ ነው ያጠፋው።»

«አነጋገርዎማ ያማረ ነበር» አለች። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር። እኔም ጓዳ ሁኜ ሰምቼዋለሁ።» ምስሩን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገች። «ጋሽ ብዙነህ፣ የእህቴን ልብስ ለብሼ ነው ያደግሁ። በመደቧ ተኛሁ። ስሟን ግን የነገረኝ የለም። እናቴን ብጠይቃት እንባዋ ይቀድማል፤ አባቴ ተነሥቶ ይወጣል። ኋላ ሁሉም አለቁና የሚጠየቅ ጠፋ። የማንን ቦታ ይዤ እንዳረጀሁ ዛሬም አላውቅም።»



«ሽማግሌዎቹ የመጡ ለታ» አለች፣ «ጓዳ ሁኜ የባለቤትዎን ስም ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ‹ሟች› አሉ እንጂ አልጠሩትም። እርስዎም ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ አንድ ቀን አልጠሩልኝ። እወድዎት ነበር፤ አልዋሽም። ነገር ግን ስሟን ከማላውቃት ሰው ቦታ ሁለተኛ አልገባም አልሁ።»

ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ አለፈ። ምትኬ ምስሩን ከጭኗ አንስታ መሬት አስቀመጠችና መነጽሯን አወለቀች።

«ማን ይባሉ ነበር?» አለችኝ።

አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ያ ቃል ከቀብሩ ቀን ወዲህ በአንደበቴ አልፎ አያውቅም። ለእናቴ አልተናገርሁትም፣ ለጓደኛ አልተናገርሁትም፣ ብቻዬን ሁኜም አላልሁትም። ምትኬ አልቸኮለችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ጥሩወርቅ» አልሁ። «ጥሩዬ ነበር የምላት።»

«ጥሩወርቅ» አለች ምትኬ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይሰበርባት የፈራች ይመስል። «ነፍሳቸውን ይማር። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ግራኝ ነበረች» አልሁ። «ስትጽፍ ምላሷን ታወጣ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ እሷ ወደ ደጅ ትወጣለች። እኔ እቆጣታለሁ፤ እሷ…»

በሞተች በአርባ ምናምን ዓመቷ፣ ሞጣ፣ በሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባለቤቴን አለቀስኋት።